የሰርዲኑ ቆርቆሮ

ካምፓኛ ሰፈር ነው፣ ፖርቶ፣ ከሐዲዱ ማዶ፤
የዶና ዴኦሊንዳ የፍሳሽ መውጫ ታግዶ፣
ወጥ ቤት ሳህን ሲታጠብ ገላ ቤቱ ያገሳል፤
የሸኙት ቆሻሻ ተመልሶ ይደርሳል።

አለቃዬ ዜፈሪኖ ጉልበቱን አጥፎ
ክዳኑን አንስቶ አሸተተ፣ ዝም አለ አርፎ።
እኔ ባትሪ ያዥ ነኝ። ስድስት ወር ሆነኝ ሥራውን ከያዝኩ፤
ከቱቦ ይልቅ ሰው እንደሚዘጋ ታዘብኩ።

«ሸክላ ነው ቱቦዎ፣ ዕድሜው ከኔም ይበልጣል።
አሲድ? ከማጠቢያው ሥር ያለውን ብረት ይልጣል፤
የበለሷን ሥር ግን ሳይነካው ይወጣል።
በኃይል የሚረጭ ውሃ? እሱስ ፈጣን ነው፤
ግን ያረጀ መገጣጠሚያ መቻሉን ማን አየው?
ጥምዝምዝ ሽቦ አለ፣ ጫፉ ላይ ምላጭ ያለው፤
ቀስ ብሎ ይቆርጣል። ሥሩ ግን፣ በዓመቱ፣
መንገዱን ያውቃልና ይመለሳል ቤቱ።»

ጎረቤት አዴላይዴ ከመስኮት ሆና ጮኸች፦
«ውሃውን ልቀቁት! የእህቴ በዚያ ዳነች!»
ዶና ዴኦሊንዳ ዋጋውን ጠየቀች፣
ደግማ ጠየቀች፣
መሐረቧን አጠፈች።

«ከመምረጥ በፊት ማየት» አለ ዜፈሪኖ፤
ካሜራው ወረደ በገመድ ተጭኖ።
ስቡ እንደ ሻማ ከግድግዳው ረግቶ፣
የበለሷ ሥር እንደ ሽማግሌ ጢም በዝቶ፣
ዘጠኝ ሜትር ላይ ግን
ቱቦው ከጣራው ተቀዶ፣ ቆርቆሮ ከድኖታል፤
በጎማ ቁራጭ፣ በሬንጅ፣ አንድ እጅ ለስኖታል፤
የሰርዲን ቆርቆሮ! ሰማያዊው ዓሣ
ወደ ውስጥ አፍጥጧል፣ ቀለሙን ሳይረሳ።

መነጽሯን አደረገች። ቀረበች።
የዓሣውን ዓይን ብዙ አየች።
«አርሚንዶ!» አለች። «ያ የጎርፍ ዓመት፣
ለባለሙያ ብሎ የወሰደው ገንዘብ የት ገባ ያን ዕለት?
‹ሰውየው ጨረሰ› ብሎ፣ ደረሰኝ ሳይሰጠኝ፣
ሸሚዙ ዓሣ ዓሣ ሲሸት እንኳን አልገባኝ!»
ሳቀች፤ ሳቋ ከሆዷ እንደ ቱቦው አጓራ፤
ባትሪው እጄ ላይ ዘለለ፣ ግድግዳውን አበራ።

«ውሃውን ብንለቀው» አለ ዜፈሪኖ፣ «ይህ ልጥፍ አይቆምም፤
ግቢዎ ይቆፈራል።»
«ሽቦው ይሁን» አለች። «በዝግታ። ዓሣው እንዳይታመም።»

እስከ ማታ ድረስ በእጅ ተሽከረከረ፤
የተቆረጠው ሥር በባልዲ ተቆጠረ፤
ዘጠኝ ሜትር ላይ ሲደርስ፣ አለቃዬ ትንፋሹን ያዘ፤
ከዚያ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ውሃው ወደ ታች ተጓዘ።

ሒሳቡን ስትከፍል፣ በሩ ላይ፣ እንዲህ አለች፦
«ሥሩ ለከርሞም ይመጣል፤ ቀጠሮ ያዙልኝ፣ እንዳይረሳ።
የአርሚንዶ ውሸት ግን፣
ይገርማል፣
ውሃ አነሳ።»