ጽፋት ጻፈች

ሃይፋ፥ ወደቡ ጥግ፥ ከአንድ ጠባብ ቢሮ
ናዲም የሚሉት ልጅ፥ ቁልፍ በጣቱ አዙሮ፥
የመኪና ሥዕል ያለበት ወረቀት
ዘረጋና አለኝ፦ "ነይ እንቁጠር ጭረት።"

ዞርናት፥ እንደ በሬ ሸማች ጎንበስ ቀና እያልን፤
ፓራውልቷ ላይ ሁለት፥ ግራ በሯ ላይ አንድ ብለን።
ጭረት ባየ ቁጥር ወረቀቱን ጫር ያደርጋል፤
"ከነዚህ ከበለጠ፥ ከካርድሽ ይቆረጣል።"
የማላውቃቸው ሰዎች! ከየት መጡ? ወዴት ሄዱ?
የቱ ግንብ ዳሰሳቸው? በየቱ ኩርባ ተናደዱ?
ስሜን "ቲርዚት" ብሎ ጻፈው።
ዝም አልኩት። ለሦስት ቀን ሌላ ሴት መሆን ማን ጠላው።

መንዳት የተማርኩት አዳማ ነው፥ ሜዳ ላይ፤
ዳገት አላውቅም፥ ድልድይ ከመውጣት በላይ።
እህቴ በስልክ፦ "ብቻሽን? አገሩን ማን ሊመራሽ?"
"መሪው" አልኳት። ዝም አለች። "እሺ… ይቅናሽ።"

ግራ እግሬ የሌለ ፍሪሲዮን ይፈልጋል፤
ካርሚኤልን እስካልፍ ባዶ ወለል ይረግጣል።
ስልኬ ውስጥ ያለችው መንገድ ነጋሪ ሴት
ከዕብራይስጥ ሌላ ቃል አልወጣትም በስሕተት።
"ያሚና" ስትል፥ ከልጅነቴ የሰንበት ትምህርት
"የማን" የሚል ግዕዝ ብድግ አለ፤ ቀኝ ማለት።
ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ልክ ነበርኩ።
ግራውን ግን እስከ መጨረሻው በግምት ሄድኩ።

ከራማ ወይራ ወዲያ መንገዱ ይጠመዘዛል፤
ጆሮዬ ድፍን ይላል፥ ሞተሩ ያጉረመርማል፤
ከኋላዬ አንድ አውቶቡስ መብራት ያበራል፥ ያጠፋል።
ዘፈን ጀመርኩ። ዘፈኔ ፈሪ ነው፤ ኩርባ ላይ ያቆማል።

ጽፋት የደረስኩት ዓርብ ሊመሽ ሲል ነው፤
ባለሱቅ ሁሉ መዝጊያውን እየጎተተው፥
ሰዉ በችኮላ፥ እርጥብ ፀጉር፥ ነጭ ሸሚዝ፥
ልጅ ዳቦ ታቅፎ ሲሮጥ፥ የሳሙና ሽታ ሲጓዝ።
ያቺ ሴት "ያሚና" አለች። ቀኝ ያለው ደረጃ።
መንገድ የመሰለኝም ለአህያ ነው እንጃ!
ሰማያዊ በር በስተግራ፥ የድንጋይ ግንብ በስተቀኝ፥
በመሃል እኔና መኪናዋ።
"ኧረ በገብርኤል!" አልኩ፥ ሳይታወቀኝ።

"ገብርኤል መኪና አያወጣም" አለ፥ ከሰገነት፥ በአማርኛ፥
ባይሳሳ፥ የአርማጭሆ ሰው፥ ልብሱ የሰንበት፥ ፊቱ የዳኛ።
ወረደ። እንደ ታክሲ ረዳት መዳፉን እያርገበገበ፥
"ነይ! ነይ! ሙሉ ስበሪው! መልሺ!…" ቃል በቃል ደረበ፤
ሳይረን ከከተማው አናት ጮኸ፤ ደነገጥኩ፤
ፍሬን መስሎኝ ነዳጅ ረገጥኩ።
ሲ…ጥ አለ ብረቱ፥ ከግንቡ ሲተሻሽ።
ባይሳሳ ጎንበስ ብሎ አየና፦ "አይዞሽ፤
ጽፋት ናት፥ እንደ ስሟ፥ ጻፈችብሽ።"

ላይ ቤት ሚስቱ እንጉዳይ ክብሪት ጫረች፤
በአንድ ቀን ሦስተኛ ጭረት፤ የእሷ ብቻ በራች።
መኪናዋ ግንቡ ሥር አደረች። ኮከብ እስኪወጣ፥ ቅዳሜ ማታ፥
መሪ የሚነካ የለም በዚያ ቦታ።

ጠዋት ሜሮን ተራራ በደረጃው ጫፍ ቆሟል ሳይነቃነቅ፤
ኪኔሬት ሳህን ላይ የተረሳ ውሃ ይመስላል ከሩቅ።
ፎቶ የለኝም።
ሰንበት ነዋ፤ ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

እሑድ ናዲም አብሮኝ ዞረ። ቀኝ በሯ ላይ ቆመ።
"ይሄስ?" አለ። ጣቱ በጭረቷ ላይ ተጋደመ።
"ጽሑፍ ነው" አልኩት። አልገባውም። ጫር አድርጎ ሂሳቡን ነገረኝ፤
ከፈልኩ። ውድ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ፥ ቆጨኝ።
ከዚያ የወረቀቱን ግልባጭ ጠየቅኩት፥
የነጯን መኪና ሥዕል፥ የማላውቃቸውን ሰዎች ሦስት ጭረት፥
አራተኛዋን የኔን፥ በስተየማን፥ ጠመም ያለችውን።
"ደግሞ ቲርዚት አይደለም" አልኩት፥ ስሜን እያሳየሁት፤
"ትርሲት ነው።
አስተካክለህ ጻፈው።"