ዕረፍት

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሠላሳ አምስት፣
አራተኛ ፎቅ ነው የእኛ ቤት።
ሴራሚክ ሳነጥፍ ውዬ፣
ሲሚንቶው ጥፍሬ ሥር ደርቆ፣ ጉልበቴ ዝሎ፣ ዝዬ
እገባለሁ፤
ባልዲ ደፍቼ እቀመጣለሁ።
«በይ ትርሲት፣ አምጪው መሰንቆሽን» እላለሁ።

እኔ ስለ ዜማ የማውቀው የለኝም፤
ትዝታና ባቲን ለይቼ አላውቅም።
የማውቀው ውሃ ልክ ነው፣ ክር ወጥሮ ማየት፣
ያበጠውን ንጣፍ በጎማ መዶሻ ቀስ አርጎ መምታት።

የጭራው ነገርማ፣
ገዝቼ አይደለም ከከተማ።
ከብሎኮቹ ጀርባ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ደቻሳ ጋሪውን ፈትቶ ፈረሱን ከሚያጠጣበት
ሄጄ ለመንኩት፤ ሳቀብኝ፤
«ለልጅህ ከሆነማ» ብሎ ከዳማው መዘዘልኝ።
መምህሯ ዳሰሰው፦ «ጥሩ ነው፤ ግን ይድጣል፤
ሙጫ ይብዛበት፣ ያኔ ጭራ ጭራን ይነክሳል።»

የመጀመሪያው ወር... ምን ልበላችሁ፣
በር የተዘጋባት ድመት ስትጮህ ሰምታችሁ?
ጎረቤት ግድግዳ መታ፤
ወይዘሮ ዘነቡ ከላይ ወለሉን በዘነዘና፣ ማታ ማታ።
ልጄ ደጋኑን ጣለች፤
«ለምን ኪቦርድ አልገዛህልኝም?» አለች።
መልስ አልነበረኝም። ባልዲዬን አስጠጋሁ፤
«ያቺን አንዷን መስመር ድገሚልኝ» አልኩ፣ «እሰማለሁ።»

ደገመች። ደግማ ደገመች።
እያደር ድመቷ ከቤታችን ወጣች።

አንድ ቀን ስትስት ቅንድቤን ባነሣው፣
«አውቄያለሁ አባዬ፣ ፊትህን መልሰው!»
ከዚያ ወዲህ ግድግዳ እያየሁ ነው የምሰማው።

ታዲያ ሦስተኛው መስመር፣ መውረጃው ላይ ስትደርስ፣
ሁልጊዜ፣ እንደ ቀጠሮ፣ ቧንቧው ይጀምራል ሲያስነጥስ።
ውሃ መጣ!
ለእኛ ብሎክ ግማሽ ሰዓት ነው ተራው፤ ካመለጠ ጣጣ።
«ጀሪካን!» እላለሁ፤ ደጋኑ አየር ላይ ይቆማል፤
እሮጣለሁ፤ ቢጫው ከሰማያዊው ይጋጫል፤
ቧንቧው ሥር ደቅኜ «ቀጥይ!» እስክላት ድረስ
ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች፣ ዜማው ሳይፈስ።

የወላጆች በዓል ዋዜማ ቀሚሷን ራሴ ተኮስኩ፤
አንዱን እጅጌ አቃጠልኩ።
«ግድ የለም» አለች፣ «በመሰንቆው እከልለዋለሁ፤
አንተ ብቻ ፊት እንዳትቀመጥ፤ ካየሁህ እስቃለሁ።»

ከኋላ ቆምኩ። ሸራ ድንኳን፣ ጭቃ፣ የፕላስቲክ ወንበር፤
ማይኩ ያፏጫል፤ ሰዉ ያወራ ነበር።
ወጣች። ሦስት ጊዜ እግሯን መታች፤ ጀመረች፤
አንደኛውን መስመር፣ ሁለተኛውን አለፈች፤
መውረጃው ላይ ስትደርስ

ቆመች።

ደጋኑ አየር ላይ።
ሲያወራ የነበረው ሁሉ ጸጥ አለ፣ እሷን ሊያይ።
እኔ ብቻ፣ ከኋላ፣ እጄ ለጀሪካን ተዘረጋ፤
ከንፈሬ «ቀጥይ» አለ፣ ሳይሰማ ማንም ጋ።

ቀጠለች። ዜማው ፈሰሰ።
አንዲት ሴት ዓይኗን ጠረገች፤ ጭብጨባው ከሸራው ደረሰ።
መምህሩ ጆሮዬ ሥር፦ «ያን ዕረፍት እኔ አላስተማርኳትም፤
ከየት አመጣችው?» አለኝ። አልመለስኩለትም።

ማታ ቧንቧው ሲያስነጥስ ባልዲዬ ላይ ነበርኩ፤
ጀሪካኑን፣ እንዳይጋጭ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ ወሰድኩ።
እሷ መሰንቆውን ሰቅላ ተኝታለች፤
የተቃጠለ እጅጌዋን ትራስ አድርጋለች።