የአንድ ቁጥር ልዩነት

ሉዊስበርግ፣ የካናዳ ዳር፤ ሐምሌ ነው፤ ጉም ቤት ሠርቷል፤
ከግንቡ እስከ ወደቡ መንገዱን ሁሉ ውጧል።
ጉም የማንም አይደለም፣ ቆሞ አያማትብም፤
ለሮማም ሆነ ለለንደን ቀረጥ አይከፍልም።

በውጭ የፕሮቴስታንቱ ንጉሥ፣ ደን መስሎ ምሰሶው፣
በውስጥ የካቶሊኩ መርከብ፣ ወጥመድ ያለ አውሬ ነው።
የሁለቱም ካህን ባሩዱን ይባርካል፤
አንዱ ጸበል ይረጫል፣ አንዱ ምዕራፍ ይጠቅሳል።

ማቱሪን፣ ባልቴት፣ ዓሣ በጨው አሽታ አዳሪ፣
የጠቡን ሥር ለማወቅ አያሻትም መርማሪ፤
ቆጧ ላይ ተሰጥቷል፣ ይሸታል፣ ይደርቃል፤
የዓርብ ጾም ያለው ንጉሥ ዓሣ አጥብቆ ይሻል፣
ጾም የሌለው ንጉሥም ሸጦለት ይከብራል።
«እግዜርን ምን አደከሙት?» ትላለች፣
«ዓሣውን ተካፍለው ቢሄዱስ» ትስቃለች።

ዓርብ ማታ አንድ አረር ከማዶ መጣ፣
የመርከብ ሆድ ቀዶ እሳት ይዞ ወጣ፤
ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፣
ሸራና ዝፍቱን ላሰው፣ ገመዱን እንደ ክር በላው።
መድፎቹ ማንም ሳይለኩሳቸው በትኩሳት ተተኮሱ፤
የገዛ ከተማቸውን ግድግዳ አፈረሱ።
ማቱሪን በዚያ ወጋገን ዓሣዋን ስትቀድ አደረች፤
መብራት አይባክንም፣ አለች።
ወንድሟ ጉዌኖሌ ከሁለተኛው ላይ ውሏል፤
እንባዋ ጨው ላይ ጠብ ቢል ማን ለይቶ ያየዋል?

ሲነጋ ባሕሩ ሬሳ አወጣ፤ የእሷ ግን አልነበረም፤
የባዕድ ልጅ ነው፣ ጢም ገና አላበቀለም፤
በብብቱ ዳዊት አለ፣ እርጥብ፣ ጠርዙ የተላጠ፤
«አብድዩ» ይላል ቆዳው ላይ፣ በቢላ የተቆረጠ።

ታንጊ፣ ቀባሪም ደብተራም፣ ገጹን ገልጦ ያያል፤
«ይኼ የሙታን መዝሙር ነው፣ እኛም እንለዋለን» ይላል፤
«ከጥልቁ የሚጣራው። ግን እይው፣ ቁጥሩን ስቷል፤
የእኛ መቶ ሃያ ዘጠኝ፣ የነሱ መቶ ሠላሳ ብሏል።»
«በአንድ ነው?» አለች ማቱሪን።
ታንጊ አካፋውን አነሳ፤
መልስ ቢኖረውስ ምን ሊጠቅም፣ ለመንገደኛ ሬሳ።

መናፍቅ በተቀደሰ አፈር አይገባም፣ ይላል ሕጉ፤
ከአጥር ውጭ ደግሞ ውሾች ናቸው፣ ሥጋ የፈለጉ።
ታንጊ አጥሩ ሥር ቆፈረ፣ ከእንጨቶቹ መሃል፤
ራሱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ እግሩ በውጭ ቀርቷል።
«ቄሱ ቢጠይቁኝ» አለ፣ «ግማሹን አላየሁትም።»
ማቱሪን መዝሙሩን አለች፤
ቁጥር አልጠራችም።

በስድስተኛው ቀን ከተማው ቁልፉን አውጥቶ ሰጠ፤
አጥሩን የአሸናፊ ወታደር ለማገዶ ፈለጠ።
አብድዩ አሁን ውስጥ ነው? ውጭ ነው? ማን ይለካል፤
ጉሙ እንደሆን ተመልሶ እዚያው ቤቱን ሠርቷል።

ዓርብ ዞሮ ሲመጣ፣ ወንድሟን እየጠበቀች፣
ለድል አድራጊው ኩሽና የደረቀ ዓሣ መዘነች፤
«ጨው በዛበት» ቢላት ወጥ ቤቱ፣
«ከባሕሩ ነው» አለች።