ሲጨርሱ

ስም አውጥተንለታል፤ «ፈረቃ» ይባላል፤
ውሃ የማን ሰፈር መቼ እንደሚመጣ ለጠየቀው ይነግራል።
ማራኪ ረቡዕ፣ አዘዞ ዓርብ ማታ፤
አራዳ ሲጠይቅ መልሱ፦ «ይቅርታ»።
ኮዱ የማንም ነው፤ የደሴ ልጅ ወስዶ ለደሴ ይለካዋል፣
ሐረር ላይ ያለ ሰው ፈትቶ ይሰፋዋል፤
ቁልፍ አልሠራንለት፣ ዋጋም አልቆረጥን፤
የቀረን አንድ ነገር መፈክር ነው፤ እሱም አስቸገረን።

ከፒያሳ በላይ፣ ከጫማ ቤቱ ፎቅ፣
ቅዳሜን ሙሉውን ስንጽፍ ስንፍቅ።
አጣናው «ዘላለም የሚኖር» ይለናል፤
«ግንቡን እዩት እስቲ፤ ኖራው ስንት ዘመን ይዟል?»
«ነፃ ሶፍትዌር ለነፃ ሕዝብ!» አለ፤ ጠረጴዛ መታ።
ባንቺአምላክ ሳቀች፦ «ይኼ ለሰልፍ ነው፤ የኛ ሥራ ቧንቧ ነው፣ የኔ ጌታ።»
ውባንተ ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ከርሟል፤
ወርቁን ሰም ሲያለብስ ገጽ ሙሉ ጨርሷል፤
ያምራል፤ ማብራሪያው ግን ከኮዱ ይረዝማል።
የእኔን አልናገርም፤
«ብርሃን» ነበረበት፤ «አገር»ም ሳይኖርበት አይቀርም።

ሲመሽ ወረድን፣ ሰሌዳ ጻፊው ዘንድ።
ጋሽ ደምለው ቀለም ከጥፍራቸው ሥር ለቆ አያውቅም፤ አርባ ዓመት በአንድ መንገድ።
«መፈክር?» አሉና አሮጌ ቆርቆሮ በቢላ ጫፍ ፋቁ፤
ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ቀይ፤ ቀና ሳይሉ ሳቁ።
«ይኼ ‹ወደፊት› ነበር፤ ከሥሩ ‹ይለምልም›፤
የጻፍኩት እኔ፣ የፋቅሁት እኔ፤
ለሁለቱም ተከፍሎኛል፤ አላፍርም።»

«የቆየ የለም ታዲያ?» አለች ባንቺአምላክ።
ብሩሹን ጋዝ ውስጥ ነከሩ፤ ጨርቅ ፈለጉ፤ ዘገዩ።
«አንድ አለ» አሉ ኋላ፤ «ቦኖው ጋ ሂዱና እዩ።
ሠላሳ ሰባት ዓመቱ፤ ማንም ፋቅ ብሎ አላዘዘኝ፣
ቀለሙ ሲደክም ሴቶቹ በከሰል ያደምቁታል፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሄድን። የሰፈሩ ተራ አልነበረም፤
ቢጫ ጀሪካኖች ብቻቸውን ተሰልፈዋል፤ ሰው የለም።
ከቧንቧው በላይ፣ ጠማማ በሆነ ጥቁር ጽሑፍ፦
ሲጨርሱ ይዝጉት።

ባንቺአምላክ ቆመች። ጀርባዋን ሰጥታን ብዙ ቆመች።
ከመሬት ከሰል አነሳች፤
ግድግዳውን አልነካችም፤ መዳፏ ላይ ጻፈች፦
ሲጨርሱ አይዝጉት።

ውባንተ ራሱን ያዘ፦ «በአንዲት አልፍ
ሦስት ዓመት የለፋሁበትን!»
አጣናው አልተዋጠለትም፦
«የሚያልቅ ኮድ የት አለ? ‹ሲጨርሱ› ውሸት ነው»፤
እስከ ፒያሳ ድረስ አቀበቱን ሙሉ ይኼንኑ አለ።

ጋሽ ደምለው የሚያስከፍሉት በፊደል ነው።
በጣታቸው ቆጠሩ፦ ዘጠኝ።
«ርካሽ ነው» አሉ፤ «ጥሩ ነው»፤ ሌላ አልጨመሩም።

ክረምቱ ገባ። ከአርባ ምንጭ አንዲት የማናውቃት ልጅ፣
ረድኤት ትባላለች፣ እርማት ላከችልን፦
ለካ በጳጉሜን «ፈረቃ» ለማንም ውሃ አይሰጥም ነበር!
አምስቱን ቀን ከተማውን ሙሉ በጥማት ቀጥቶ፣ ዐሥራ ሦስተኛውን ወር ረስቶ።
አረመችው። ከታች አንድ መስመር አከለች፦
«‹ሲጨርሱ› የሚለው ቢነሣስ? ማን ጨረሰ?»

አጣናው ያን ቀን ምሳ ጋበዘን።
ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ እንደተከፈተ ነው፤
ባንቺአምላክም፣ እኔም በየጊዜው እናየዋለን፤
ማናችንም አልዘጋነውም።