የሞተችው «ፋ»

የካቲት ነው፣ ኩታይሲ፤ ሪዮኒ ወንዝ ደፍርሶ፣
የትምህርት ቤታችንን ፒያኖ እርጥበት አንጀቱን ጨርሶ፣
አንዲት «ፋ» ከመሀል ቢነኳት፣ ቢደበድቧት ድምፅ የላት፤
ቫዣ መቃኛውን ይዞ ሦስት ዓመት ታገላት።
እኛም ለመድናት፤ እንደ ተሰበረ ደረጃ፣
ዘለናት እናልፋለን፣ ሳናዛባ እርምጃ።

ራሙቴ ከቪልኒየስ መጣች፣ አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ፣
ጉንፋን ይዟት፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ ከሌሊት ባቡር ደክማ።
ትምህርቱ በቲያትር ቤቱ ነው፤ በደህናው ፒያኖ፣ በመድረኩ፣
ጣቶቻችን ላብ ወዝቷቸው ነጩን ቁልፍ ፈርተው ሲነኩ።

ኤቴሪ ቀድማ ተቀመጠች፤ ገና አንድ ገጽ ሳታልፍ፣
«ቆዪ» አለች እንግዳዋ፤ «ምን አደረገችሽ ይህች ቁልፍ?
ወረቀቱ ላይ እረፍት የለም።»
                              ሁላችን አቀረቀርን።
«የኛይቱ ሞታለች» አለ ጾትኔ፤ «ዘለን ማለፍ ተማርን።»

ትስቃለች ብለን ጠበቅን። አፍንጫዋን ጠረገች፤
«መቼ ሞተች?» አለች፣
ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ከዚያ ስለ ክርን አወራች፣ ስለ ትከሻ፣ ስለ ትንፋሽ።
ብዙው ጠፍቶኛል።

ማታ አዳራሹ ሞልቶ፣ ከንቲባው ከፊት ተጎልቶ፣
እጅ ነሳች፤ ጀመረች፤ ያው የኤቴሪ ዜማ ጎልቶ።
ያቺ ስፍራ ስትደርስ ጣቷ አየር ላይ ቀረ፤
«ፋ»ዋ አልተነካችም፤ አንድ ሰው ሳለ፤ ዜማው ዘሎ ተሻገረ።

ከእኛ ከሰባታችን በቀር በአዳራሹ ማንም አላወቀ።
ከሰገነቱ ጥግ፣ ቫዣ ብቻ፣
ቀስ ብሎ
ባርኔጣውን አወለቀ።