ገዳዩ ሊነገር ሲል

አሸዋ ሜዳ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ሃምሳ ሳንቲም ይዞ የፈለገ ይግባ።
ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ወንበሩ አጣና፣
ክረምት የገባ ለት ፊልሙ አይሰማም፣ ዝናብ ያወራና።

ጉደታ፣ ባለቤቱ፣ ከመርካቶ ገዝቶ
አንድ ካሴት አመጣ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከትቶ።
ቢከፍተው፣ ጥቁርና ነጭ!
«ቀለሙ አልቆበት ነው» አሉ እማማ ዘነቡ፣
«ምናለ ቢያስሞሉት፣ ይህን ሁሉ ሳንቲም እየሰበሰቡ?»

መርማሪው ወፍራም ነው፣ ባርኔጣው ጠባብ፣
ሬሳ አጠገብ ቆሞ «እራት መቼ ነው?» የሚል፣ ፊቱ ላይ የለም ሃሳብ።
ሚስቱ ግን ትብሳለች፤ እሱ ፍንጭ ፍለጋ ምንጣፍ ላይ ሲያስስ፣
እሷ በቦርሳዋ ይዛው ጥፍሯን ትቀባለች፣ እሱ እስኪጨርስ።

ፊት ወንበር ላይ ደግሞ አስተርጓሚው ደቻሳ፣
እንግሊዝኛው የሰባተኛ ክፍል፣ ድምፁ የአንበሳ፦
«ይሄ ጠበቃ ነው። ይቺ የሟች እህት። ይሄ አሽከሩ ነው፣ ቁልፍ የያዘ።
ሟቹን ሻይ አጠጡት፤ ሻዩ የተመረዘ!»

መጨረሻው ደረሰ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሻማው በርቶ፣ እራት ቀርቦ፣
ተጠርጣሪው ሁሉ በሱፍ በከረባት ዙሪያውን ተሰብስቦ፤
መርማሪው ብድግ አለ፣ ወንበሩን ገፋ፣
ጣቱን ቀሰረና፣ ደቻሳም «ገዳዩ...» ሲል
መብራቱ ጠፋ።

እሪታ፣ ፉጨት። ከዚያ በጨለማው ክርክር፦
«አሽከሩ ነው!» «አይ፣ ጠበቃው ነው፤ ሻይ አልጠጣም ነበር!»
ጉደታ ክብሪት ጫረ፤ «ሌባ!» አለ፣ «የሳንቲሜ ጣሳ!»
ያኔ ብድግ አሉ፣ ባርኔጣ አስተካክለው፣ ሃምሳ አለቃ ለሜሳ፦
«በር ይዘጋ! ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንዳይወጣ!
በፊልሙ እንዳያችሁት፣ ወንጀለኛ አብሮ ነው የሚበላ፤ ከሩቅ አይመጣ።»

ክብሪት እየጫሩ ጫማችንን አዩ፣ ጭቃውን አሸተቱ፣
ከእኔ ኪስ ሁለት ብይ አገኙና «ይመዝገብ!» አሉት ለባለቤቱ።
እማማ ዘነቡ ጋ ሲደርሱ፦ «እኔን? ና ፈትሸኝ!
ግን በፊት፣ ለፋሲካ ያሰርኩት ዶሮ የት እንደገባ ትነግረኛለህ፣ ሳትዋሸኝ።»

ሃምሳ አለቃው ሳሉ።
ምርመራው ቆመ።

በሩ ተንኳኳ። የጉደታ ልጅ ነው፣ ቡልቱም፣ ጭቃ ለብሶ፣
ባንድ እጁ ባዶ ጣሳ፣ ባንድ እጁ ጀሪካን፣ እስከ ማደያው ደርሶ፦
«ለጄኔሬተሩ ነው፣ ፊልሙ እንዳይቋረጥ!»
አባቱ ቀበቶ ይፍታ ወይ ይሳቅ ቸገረው፤ የሰው ጭብጨባ ግን የሚያስደነግጥ።
ሞተሩ ተነሳ። ጢስ። መብራት። ሰው ሁሉ ተቀመጠ።
ማጫወቻው ካሴቱን እንደ ፓስታ ስቦ ዋጠ።

ያ ቤት ዛሬ ቀለም ይሸጥበታል በቆርቆሮ፣
(እማማ ዘነቡ ይህን ሳያዩ ሄዱ) ጣራው ብቻ ቀረ እንደ ድሮ።
ደቻሳን ታክሲ ውስጥ አገኘሁት፤ ጠጉሩ እንደዚያ ፊልም፣ ጥቁርና ነጭ፤
«ገዳዩ ማን ነበር ጃል? ሃያ ዓመት ጠበቅሁ፤ እስቲ ስጠኝ ፍንጭ።»
ሳቀና፣ ለረዳቱ ሂሳብ እያቀበለ፣
«እኔ እንግሊዝኛ መች አውቄ» አለ፣
«ያ ተጋድሞ የነበረው፣ እንዲያው ሰክሮ ይሆናል...
ወራጅ አለ!»