የተሸፈነ ጥያቄ

ሱቄ አንድ ሜትር ናት፣ ከባጃጁ ተራ፣
ከአሞራ ገደል በር፣ ከዓሣው ጉሊት ጋራ።
ላታሞ መጣ ጠዋት፣ እጁ ቅርፊት ለብሶ፣
ስልኩን አስቀመጠው በሸሚዙ አብሶ።
«ማንም አልጠየቀኝ፣ ለማንም አልሰጠሁ፤
የዕቁቤ ብር የለም፤ እኔ እንዴት ተበላሁ?»

ወደ ኋላ ሄድኩኝ፣ የሌሊቱን ዱካ፤
አንድ ጨዋታ ጭኗል፣ ለልጁ ነው ለካ፤
ኳስ የሚያንከባልል፣ ዕጣ የሚያስወጣ፣
«ይንኩና ይሸለሙ» ብሎ ደምቆ የመጣ።

ከሥሩ ግን ሌላ ነበር፣
በኳሱ የተጋረደ፣ እንዳይነበብ የተባለ ነገር፦
«መልእክትዎን ሁሉ ያነብ ዘንድ ይፈቅዳሉ?»
ስንቶች ሳያዩት «አዎ» አሉ!
ጣቱ የነካው ኳሱን፣ የላይኛውን ገላ፣
የተፈቀደው ግን ያ፣ የተኛው ከኋላ።

አባቴ ትዝ አለኝ።
ወንዶ ገነት፣ ቀበሌ ቢሮ፣ ሰማያዊ ቀለም በአውራ ጣቱ፣
ጸሐፊው ክርኑን አሳርፎ ከወረቀቱ አናቱ፣
«እዚህ ጋ ብቻ ነው፣ አባባ፤ እዚህች ጋ» ሲለው።
አሻራው የእሱ ነበር።
ቃሉ የእሱ አልነበረም።

ይህን ለላታሞ አልነገርኩትም።
የስልኩን ሆድ ከፈትኩ፣ ቅንብሩ ውስጥ ገባሁ፤
«ከሌሎች በላይ መታየት» የሚለውን ዘጋሁ።
«ስልክህ ሲጠይቅህ ፊቱ ሙሉ ይሁን፤
ግማሹ ከተሸፈነ ሰብስበው እጅህን።»
የሚሠሩትም ቢሆኑ፣ ጥላ ካረፈበት
ያን «እሺ» አይቀበሉ፤ በሩ ይዘጋበት።

ላታሞ ወደ ሐይቁ ዞረ። ቆየ።
«መረቤ ቀጭን ነው» አለ፣ «ውሃ ነው የሚመስለው።
ቆሮሶ ውሃ አየሁ ብሎ ነው የሚገባው።
እስከ ዛሬ አንዱም ‹ፈቅጃለሁ› አላለኝ።»
ሊስቅ ሞከረ።
የሄደው ብር አይመለስም፤ እሱን አልዋሸሁትም።

ሊወጣ ሲል ስልኩ ጮኸ፤ ጥያቄ ብቅ አለ።
አውራ ጣቱ ሄዶ ሄዶ አየር ላይ ቀረ።
ገዢ በጉሊቱ መሃል
የዓሣውን ስንጥብ ገልጦ ቅላቱን እንደሚያይ፣
ስልኩን ወደ ብርሃን አዘነበለ፣
ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ፊደል በፊደል አነበበ፤
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በትንሿ ጣቱ፣
«አልፈቅድም» የምትለዋን ነካት።